ከጃጁራ የመጣ እንግዳ በአዲስ አበባ ባቡር

ከአየር ጤና የተነሳው ሚኒባስ ጦር ኃይሎች ደርሶ ረዳቱ «መጨረሻ ነው!» ሲል ከሁሉ በፊት የወረደው አንድ ዘንቢል ነበር። ውስጡ በኮባ ተጠቅልሎ በገመድ የታሰረ ቅቤ አለ፤ ጉርድ ሾላ ላለ ዘመድ የመጣ የሶሮ ቅቤ። ቀጥሎ ወጣቱ ወረደ፤ ከዚያ አጎቱ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉና ከሆሳዕና የተጻፈላቸውን የሪፈር ወረቀት በደረት ኪሳቸው ላይ ዳበስ አድርገው መኖሩን አረጋገጡ። ቀጠሯቸው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው።

የመጡት ከጃጁራ ነው። ጃጁራ ሀዲያ ዞን፣ ሶሮ ውስጥ፣ ከሆሳዕና በስተደቡብ ምዕራብ ያለች ከተማ ናት። ከዚያ ለተነሳ ሰው የአዲስ አበባ መንገድ የታወቀ ነው፤ መጀመሪያ ሆሳዕና፣ ከዚያ ወራቤ፣ ቡታጅራ፣ አለም ገና። ሆሳዕና ራሷ ከአዲስ አበባ 230 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በአለም ገና በኩል የገባ መኪና አየር ጤናን ይነካል፤ ከአየር ጤና ደግሞ ጦር ኃይሎች ቅርብ ነው። የከተማዋ ባቡር የምዕራብ ጫፍ ያለው እዚያው ጦር ኃይሎች ላይ ነው። በቡታጅራ መስመር ለሚመጣ የሀዲያና የከምባታ ሰው እንግዲህ ባቡሩ የሚጠብቀው ከተማዋ መግቢያ ላይ ነው። ሆኖም ብዙው መንገደኛ በአጠገቡ አልፎ የታክሲ ሰልፍ ይይዛል።

ወጣቱም ዓይኑ ወደ ታክሲው ሰልፍ ነበር። «አባባ፣ ታክሲ አይሻለንም?» አላቸው። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ ወደ ሐዲዱ ይመለከቱ ነበር። ባቡሩ እየገባ ነው። «ይኼ ወዴት ነው የሚሄደው?» ብለው አጠገባቸው የቆመውን ጠየቁ። የቆምኩት እኔ ነበርኩ። ወደ አያት እንደሚሄድ፣ ሜክሲኮንም እንደሚያልፍ ነገርኳቸው፤ መንገዳችን አንድ ስለነበር አብረን ሄድን።

ቲኬት መሸጫው ጋ የሆነው ነገር ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት ነው። ወጣቱ ብሩን አቀብሎ «ሁለት፣ ጥቁር አንበሳ» አለ። ሻጯ «ጥቁር አንበሳ የሚባል ጣቢያ የለም፤ ወዴት ነው?» አለችው። ልጁ ደነገጠ። ከኋላ ሰልፉ ይገፋል። ሽማግሌው የሪፈሩን ወረቀት አውጥተው በመስኮቱ ሊያሳዩ ሲሉ ሻጯ ገባት። «ሆስፒታሉ ነው? ሜክሲኮ ውረዱ፤ ከዚያ በእግር ነው» ብላ ቆረጠችላቸው። ደግ ልጅ ናት፤ ግን ሰልፉ ረጅም በሆነበት፣ ሻጯም በደከመችበት ሰዓት ያ እንግዳ ምን ሊሆን ነበር?

ታክሲና ባቡር የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። ረዳት የሰፈር ስም ይጠራል፤ መንገደኛውም የሚሄድበትን ይናገራል፤ በመሃል ሰው ለሰው ተነጋግሮ ይግባባል። ባቡር ግን የሚያውቀው የጣቢያ ስም ብቻ ነው። ሆስፒታሉን፣ መሥሪያ ቤቱን፣ የዘመዱን ቤት አያውቅም። ስለዚህ ከጃጁራም ሆነ ከከምባታዋ ዱራሜ የሚነሳ ሰው፣ ገና ስልክ ሲደውል ዘመዱን «ቤትህ የት ነው?» ከማለት «በየትኛው ጣቢያ ልውረድ?» ብሎ ቢጠይቅ ግማሹን መንገድ ጨረሰ ማለት ነው።

ባቡሩ ውስጥ ገና ሳንረጋጋ አንዲት ወጣት ብድግ ብላ «አባቴ፣ ይቀመጡ» አለች። «ጌታ ይባርክሽ፣ ልጄ» ብለው ተቀመጡ፤ ዘንቢሉን በሁለት እግራቸው መሃል አስገቡት። ኮካ ኮላ፣ ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ። ወጣቱ ከበሩ በላይ የተጻፈውን የጣቢያ ዝርዝር እያየ በጣቱ ይቆጥር ነበር።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመር አለው። አንደኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ ነው፤ ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በመርካቶ በኩል ወርዶ፣ ስታዲየምን አልፎ፣ በመሿለኪያ፣ በላንቻና በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ይደርሳል። ሁለተኛው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከአያት ተነስቶ በሲኤምሲ፣ በጉርድ ሾላ፣ በመገናኛ፣ በሃያ ሁለትና በኡራኤል አድርጎ መሃል ከተማን ሰንጥቆ ጦር ኃይሎች ያበቃል። እያንዳንዳቸው 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ጣቢያዎቹ በጠቅላላው 39 ናቸው። የሰሜን ደቡቡ አገልግሎት የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን የምሥራቅ ምዕራቡ በዚያው ዓመት ጥቅምት 29 ተከተለ። ግንባታው 475 ሚሊዮን ዶላር ፈጅቷል፤ 85 ከመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ የተገኘ ብድር ነው። የሠራውም የቻይና ኩባንያ ነው። ሲጀመር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር።

ባቡሩ ለንደን በ1863 እ.ኤ.አ.፣ ካይሮም በ1987 እ.ኤ.አ. የጀመሩት ዓይነት ከመሬት በታች የሚሄድ ሜትሮ አይደለም። የእኛው አብዛኛው መንገዱ በአስፋልቱ መሃል ወይም በድልድይ ላይ ነው፤ ከራሱ በላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይንቀሳቀሳል። መሬት ውስጥ የሚገባው ፒያሳ አካባቢ ነው። ለዚያ ዋሻ ሲባል የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነስቶ በ2008 ዓ.ም. ተመልሷል። ለእንግዳ ከመሬት በላይ መሆኑ ትልቅ ጥቅም አለው። በመስኮት እያየ ይሄዳል፤ ከተማዋን ይማራታል፤ ቢያልፍበት እንኳ የት እንዳለ ያውቃል።

አሁን ዋናው ነገር ይመጣል። ሁለቱ መስመሮች መሃል ከተማ ላይ አንድ ሐዲድ ይጋራሉ። ልደታ፣ ተግባረ ዕድ፣ ሜክሲኮ፣ ለገሃርና ስታዲየም የጋራ ናቸው። በእነዚህ አምስት ጣቢያዎች ላይ የሁለቱም መስመር ባቡር በአንድ መቆሚያ ይመጣል። እንግዳ የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ከዚህ ውጭ የሚሳሳትበት ቦታ እምብዛም የለም።

ሜክሲኮ ወርደን ደረጃውን ከመውረዳችን በፊት ለሽማግሌው የተመለሱ ጊዜ የሚያደርጉትን አሳየኋቸው። ከሆስፒታሉ ሲመለሱ ወደ ዘመዳቸው ወደ ጉርድ ሾላ ነው የሚሄዱት። በዚህኛው በኩል ቆመው የመጀመሪያው ባቡር ሲመጣ ዝም ብለው ቢገቡ፣ ያ ባቡር ቃሊቲ የሚሄድ ከሆነ ስታዲየምን አልፎ ወደ ደቡብ ይታጠፋል፤ እሳቸው ጉርድ ሾላን ሲጠብቁ ሳሪስ ይደርሳሉ። እየተነጋገርን ሳለ ባቡር መጣ። ሰው ወደ በሩ ተገፋፋ። ሽማግሌው የባቡሩን ግንባር አዩና ወጣቱን በክርኑ ይዘው «ይኼ የቃሊቲው ነው አይደል?» አሉት። ነበር። ልጁ ገርሞት ሳቀ፤ ደስ አለኝ፤ ከዚያ ወዲያ የሚነገራቸው አልነበረም።

ትምህርቱ ይኸው ነው። በባቡር አገር ሰሜንና ደቡብ፣ ቀኝና ግራ ብዙ አይጠቅምም፤ የሚጠቅመው የመጨረሻው ጣቢያ ስም ነው። ግንባሩ ላይ «አያት» ያለው ወደ አያት፣ «ቃሊቲ» ያለው ወደ ቃሊቲ። አራት ስም ብቻ ነው፤ አያት፣ ጦር ኃይሎች፣ ምኒልክ፣ ቃሊቲ። እነዚህን አራቱን የያዘ ሰው በአዲስ አበባ ባቡር አይጠፋም።

ትንሽ ከበድ የሚለው መስመር መቀየር ነው። ከሆሳዕና የሚመጣው ነጋዴ አብዛኛውን ጊዜ ዓላማው መርካቶ ነው። ከጦር ኃይሎች ተሳፍሮ በቀጥታ አውቶቡስ ተራ አይደርስም፤ አውቶቡስ ተራ በሌላው መስመር ላይ ነው። ስለዚህ ልደታ ላይ ይወርዳል። ልደታ የጋራው ሐዲድ የምዕራብ ጫፍ ነው፤ ሁለቱ መስመሮች የሚለያዩት ከእሱ ወዲህ ነው። ከወረደ በኋላ የሚቆመው እሱ በመጣበት አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው በኩል ነው፤ ከመሃል ከተማ የሚመጡ ባቡሮች በሚቆሙበት። እዚያ ሆኖ ሁለት ዓይነት ባቡር ያያል፤ ጦር ኃይሎች የሚለውንና ምኒልክ የሚለውን። የመጀመሪያው ወደተነሳበት ይመልሰዋል። ሁለተኛው በዳርማርና በአብነት አድርጎ፣ ሰባተኛን አልፎ፣ አውቶቡስ ተራ ያደርሰዋል፤ ጎጃም በረንዳና አትክልት ተራም ቀጥሎ ናቸው። ወደ መርካቶ በታክሲ ለመግባት የሚያልፈውን መጨናነቅ ለሚያውቅ ሰው ይህ ትንሽ ጉዳይ አይደለም፤ በተለይ በበዓል ሰሞን።

ስለ ጣቢያዎቹ ስም ጽሑፍ ልናገር። በሀዲያ ብዙ ልጆች የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በሀዲይኛ ይማራሉ፤ ሀዲይኛ ደግሞ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። በሽማግሌው ዘመን ግን ትምህርቱ በአማርኛ ነበር፤ ያልተማረውም ብዙ ነው። ስለዚህ ከአንድ ቤት ከመጡ ሦስት ሰዎች አንዱ የጣቢያውን ስም በግዕዝ ፊደል፣ ሌላው በላቲን ፊደል ቀድሞ ያነበዋል፤ ሦስተኛው በየትኛውም አያነበውም። ለሦስተኛው ሰው ከተማዋ ምን አዘጋጀችለት? ይህ ጥያቄ በቀላሉ እንዲታለፍ አልፈልግም፤ ምክንያቱም ለሪፈር፣ ለሙግት፣ ለሰነድ ወደ መዲና የሚመጣው ገበሬ ብዙውን ጊዜ ያ ሦስተኛው ሰው ነው።

መልስ የሰጠ ከተማ አለ፤ ስሙም ከእኛው ጣቢያ ጋር አንድ ነው። የሜክሲኮ ሲቲ ሜትሮ በ1969 እ.ኤ.አ. ሲከፈት ማንበብ የማይችሉ ብዙ ነዋሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ጣቢያ ከስሙ ጎን አንድ ሥዕል ተሰጠው። ይህን የምልክት አሠራር የነደፈው ላንስ ዋይማን የተባለ አሜሪካዊ ነው፤ ማሞ ወልዴ ማራቶን ያሸነፈበትን የ1968ቱን የሜክሲኮ ኦሊምፒክ ምልክት የሠራው ሰው። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ያልተማረች እናት «ፌንጣው ያለበት ጋ ውረጂ» ተብላ ትላካለች፤ ፌንጣውን አይታ ትወርዳለች።

ከእነዚያ ጣቢያዎች አንዱ «ኢትዮጵያ» ይባላል። በሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የተከፈተ፤ ሥዕሉ የአንበሳ ራስ ነው። ፋሺስት ጣሊያን አገራችንን በወረረ ጊዜ ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። አፄ ኃይለ ሥላሴ በ1954 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮን ጎበኙ፤ እዚያ ኢትዮጵያ አደባባይ፣ እዚህ ሜክሲኮ አደባባይ ተሰየመ። በሁለቱም ከተማ ዛሬ ባቡር በእነዚያ ስሞች ይቆማል። እዚያ ያለው አንበሳ ማንበብ ለማይችል መንገደኛ ምልክት ሆኖ ያገለግላል። እኛ ሜክሲኮ ጣቢያ ላይ ምን ብንሥል ይመረጣል? ለገሃር ላይስ የይሁዳ አንበሳ ሐውልት ፊት ለፊት ቆሞ የለም? ጎጃም በረንዳ፣ አትክልት ተራ፣ ጠመንጃ ያዥ፣ አደይ አበባ፤ የአዲስ አበባ የጣቢያ ስሞች ሥዕላቸውን ይዘው የተወለዱ ናቸው። አትክልት ተራ ላይ አንድ ጎመን፣ አደይ አበባ ላይ አደዩን መሣል ብዙ ገንዘብ የሚጠይቅ ሥራ አይደለም። ይህን ደጋግሜ ብናገር አይሰለቸኝም።

ባቡሩ ችግር የለበትም አልልም። ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩት፤ ዓመታት ሲያልፉ በመለዋወጫ እጥረት ብዙዎቹ ከሥራ ወጡ። ውጤቱ ለመንገደኛው ግልጽ ነው፤ ጥበቃው ይረዝማል፤ የመጣው ባቡርም ጢም ብሎ ይመጣል። ጠዋትና ማታ፣ ሠራተኛ በሚገባበትና በሚወጣበት ሰዓት፣ ዕቃ የያዘ እንግዳ ባይሞክረው ይሻላል። ከሆሳዕና ሌሊት የተነሳ ሰው አዲስ አበባ የሚገባው ረፋድ ላይ ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ ለባቡር ምቹ ነው።

ለእንግዳ የሚጠቅሙ ጥቂት ምክሮችም አሉ፤ ቲኬት ሳይቆርጡ አለመሳፈር፣ ቆርጠውም እስኪወርዱ አለመጣል፤ ተቆጣጣሪ ሊጠይቅ ይችላል። ዝርዝር ብር መያዝ። ባቡሩ ውስጥ ከበሩ ራቅ ብሎ መቆም፣ ግን የሚወርዱበት ጣቢያ ሲቀርብ ቀደም ብሎ ወደ በሩ መጠጋት፤ በሩ ብዙ አይጠብቅም። ስልክና የሪፈር ወረቀት፣ ገንዘብም በተለይ፣ በውስጥ ኪስ። ኪስ አውላቂ የሚወደው ዓይኑ የጣቢያ ስም ላይ የተተከለ እንግዳን ነው። ሐዲዱን በተፈቀደው ማቋረጫ ብቻ መሻገር፤ ባቡር እንደ መኪና ሾፌሩ ፍሬን ስለያዘ ወዲያው የሚቆም ነገር አይደለም። ጭነት በዛ ካለ፣ የቆጮ ጆንያና ማዳበሪያ ከሆነ፣ ታክሲ መያዙ ይቀላል።

ይህ ዕውቀት ጦር ኃይሎች ላይ የሚቀር አይደለም። በሀዲያና በከምባታ ልጅ ወደ ውጭ ያልሄደበት ቤት ማግኘት ይከብዳል፤ ደቡብ አፍሪካ፣ የአረብ አገር፣ አሜሪካ። ጆሃንስበርግ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ጋውትሬን የሚባለው ፈጣን ባቡር ይጠብቃል፤ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ የዓለም ዋንጫው ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት የተከፈተ፤ ሳንድተን ለመድረስ ሩብ ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። ዱባይ በ2009 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሜትሮ ሹፌር የለውም። እዚያ ለሴቶችና ለሕፃናት የተለየ ክፍል አለ፤ ሥራ ፍለጋ የሄደችው እህታችን ይህን ብታውቅ ይጠቅማታል። ባቡሩ ውስጥ መብላትና መጠጣት፣ ማስቲካ ማኘክም ጭምር፣ 100 ድርሃም ያስቀጣል።

ዋሺንግተን ደግሞ ልጆቻቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ወላጆች የሚሳፈሩበት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ኢትዮጵያዊ ቤት የሚደርሰው በቀዩ መስመር ነው። እዚያ ካርዱን ሲገቡም ሲወጡም ማስነካት ግድ ነው፤ ሒሳቡ የሚቆረጠው በተጓዙት ርቀት ስለሆነ መውጫው ላይ ያላስነካ በሩ አይከፈትለትም። ተንቀሳቃሹ ደረጃ ላይ በቀኝ በኩል መቆም፣ ግራውን ለሚቸኩል መተው። ዊተን የሚባለው ጣቢያ ደረጃ 70 ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው ቢያመነታ አይገርምም፤ እጅ ይዞ ማውጣት ነው። አቅጣጫው ግን በዚያም እንደ እዚህ በመጨረሻው ጣቢያ ስም ነው የሚለየው። ከሜክሲኮ ጣቢያ ጀምሮ «ይኼ የቃሊቲው ነው አይደል?» ብሎ መጠየቅ የለመደ ሰው ዋሺንግተንም አይጠፋም።

እንግዲህ የምጠይቀው ነገር አለ። ሆሳዕና ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት፤ ወደ አዲስ አበባ የሚመላለሰው ሰው ብዙ ነው። የባቡሩ ካርታ ተለጥፎ የሚገኘው ግን ባቡሩ ጣቢያ ላይ ነው፤ እዚያ የደረሰ ሰው ደግሞ ከኋላው ሰልፍ እየገፋው፣ ዕቃውን እየጠበቀ ነው የሚያነበው። ካርታው ሆሳዕና መናኸሪያ ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። ዱራሜም ይለጠፍ። ሰው ትኬት ቆርጦ አውቶቡሱ እስኪሞላ ድረስ ጊዜ አለው፤ ተረጋግቶ ያየዋል፤ ያላነበበ ያነበበውን ይጠይቃል። በአማርኛ፣ በሀዲይኛና በከምባትኛ ይጻፍ። ሁለቱ መስመሮች በሁለት ቀለም፣ አምስቱ የጋራ ጣቢያዎች ጎላ ብለው፣ አራቱ የመጨረሻ ስሞች በትልቁ። ከታች ደግሞ ከሀዲያና ከከምባታ የሚመጣ ሰው ከሁሉ በላይ የሚፈልጋቸው ቦታዎች ከነመውረጃቸው፦ ጥቁር አንበሳ፣ ሜክሲኮ ይወርዳሉ፤ መርካቶ፣ ልደታ ቀይረው አውቶቡስ ተራ። አየር ጤና ላይም ወደ ጦር ኃይሎች የሚያመለክት አንድ ትልቅ ቀስት ይቁም፤ ከአውቶቡስ የሚወርደው ሰው ሻንጣውን ከማንሳቱ በፊት እንዲያየው፣ ከአውቶቡሱ በር ትይዩ።